እጅ ሳይነካው የሚዘጋ በር

በገጠር አንጥረኛ ደጅ አልፎ የሚያውቅ ሰው ወናፍን ያውቀዋል። ከፍየል ቆዳ የተዘጋጀ ከረጢት ነው። አፉ በሁለት እንጨቶች ተይዞ በነፊው መዳፍ ውስጥ ይከፈታል፣ ይገጥማል። ነፊው ቆዳውን ወደ ላይ ሲስብ መዳፉን ከፍቶ አየር ያስገባል፤ ወደ ታች ሲጫን መዳፉን ጨብጦ አፉን ይዘጋል። አየሩ መመለሻ ሲያጣ በቱቦው በኩል ወደ ፍሙ ይገባል፤ ፍሙም ይቀላል። ነፊው ለአፍታ ተዘናግቶ መዳፉን ሳይገጥም ከተጫነ ግን አየሩ ወደ ራሱ ፊት ይመለሳል፤ ብረቱም ሳይግል ይቀራል።

በወናፍ ላይ የበሩ ጠባቂ የሰው እጅ ነው። እጁ ከደከመ በሩ ይደክማል፤ እጁ ከሌለ በሩም የለም። በሌላ ዓለም ያሉ ሰዎች ይህን ሥራ ከእጅ ላይ አንስተው ለቆዳ፣ ለናስና ለብረት ለመስጠት ከ2,200 ዓመታት በላይ ደክመዋል። ፈሳሹ ወይም አየሩ በፈለጉት አቅጣጫ እንዲያልፍ፣ አደጋ ሲመጣም ማንም ሳይነካው እንዲዘጋ ነው የፈለጉት። ቧንቧ ሠሪው፣ መካኒኩና ሐኪሙ ዛሬ ያን በር ቫልቭ ይሉታል። ታሪኩን ከመጀመሪያው እንከተለው። ዓመቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የፀጉር አስተካካዩ ልጅ

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ ከተማ ክቴሲቢዮስ የሚባል ሰው ነበር። አባቱ ፀጉር አስተካካይ እንደነበረ ሮማዊው የሥነ ሕንፃ ጸሐፊ ቪትሩቪየስ ጽፏል። ልጁ በአባቱ ሱቅ ውስጥ መስተዋቱን እንደ ደንበኛው ቁመት ከፍና ዝቅ ለማድረግ ፈለገ፤ መስተዋቱን በገመድ አንጠልጥሎ በሌላው ጫፍ እርሳስ አሰረበት። ክብደቱ በጠባብ ቱቦ ውስጥ ወርዶ አየሩን ሲያጨናንቀው ድምፅ ተሰማ። ልጁ ያን ድምፅ ይዞ አየርና ውሃ ሲጨቆኑ የሚያሳዩትን ጠባይ ማጥናት ጀመረ።

ከሥራዎቹ ሁሉ ረጅም ዕድሜ ያገኘው የውሃ ፓምፑ ነው። ሁለት የናስ ሲሊንደሮች፣ ሁለት ፒስተኖች፣ በየሲሊንደሩም ሥርና መውጫ ላይ ትንንሽ ክዳኖች ነበሩት። ፒስተኑ ሲነሳ የሥሩ ክዳን ተከፍቶ ውሃ ይገባል። ፒስተኑ ሲወርድ ውሃው ራሱ ያንን ክዳን ገፍቶ ይዘጋዋል፤ በመውጫው ያለውን ሌላ ክዳን ደግሞ ከፍቶ ወደ ላይ ይወጣል። እዚህ ማንም እጁን አላስገባም። ለማምለጥ የሚሞክረው ውሃ በራሱ ጉልበት የራሱን መመለሻ ይዘጋል። የወናፍ ነፊው መዳፍ ሲሠራው የነበረውን ሥራ የውሃው ግፊት ወሰደው። ሮማውያን ይህን ፓምፕ ለእሳት ማጥፊያ ጭምር ተጠቀሙበት።

በዚያው ዘመን በእስክንድርያ የሕክምና ትምህርት ውስጥ ስሙ ጎልቶ የሚነሳው ኤራሲስትራቶስ በልብ ውስጥ ያሉትን ክዳኖች ገልጾ ነበር። ልብ ውስጥ የሚያልፈው ነገር በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲያልፍ እንደሚያደርጉ ተረድቶ ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊሊያም ሃርቪ በ1628 ደም በሰውነት ውስጥ እንደሚዞር ያስረዳበትን መጽሐፍ ሲያሳትም ግን ከዚያ ወዲህ ከ1,800 ዓመታት በላይ አልፈው ነበር። ሃርቪ በእርጅናው ዘመን ወደዚህ አሳብ ምን እንደመራው ለሳይንቲስቱ ሮበርት ቦይል ሲነግረው በደም ሥሮች ውስጥ ያሉትን ክዳኖች ጠቅሷል። ሁሉም ወደ ልብ የሚሄደውን አሳልፈው የሚመለሰውን የሚከለክሉ ከሆነ ደሙ መሄጃው አንድ ነው ማለት ነው። ክዳኑን ያየ ሰው የወንዙን አቅጣጫ አወቀ።

የባግዳድ ወንድማማቾች

በ9ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በባግዳድ ሦስት ወንድማማቾች ነበሩ። በኑ ሙሳ፣ ማለትም የሙሳ ልጆች ይባላሉ። ጻፉት የተባለው የብልሃት መሣሪያዎች መጽሐፍ መቶ የሚያህሉ መሣሪያዎችን ይዟል፤ በብዙዎቹ ውስጥም ሾጠጥ ያሉ ቫልቮችና ተንሳፋፊ ኳሶች ይሠራሉ። ገንዳው ሲጎድል ኳሱ ይወርድና በሩን ይከፍታል፤ ሲሞላ ኳሱ ይነሳና በሩን ይዘጋል። ውሃው ምን ያህል እንደደረሰ የሚለካውም፣ በሩን የሚዘጋውም ያው ውሃ ነው።

ዛሬ በአዲስ አበባ ጣሪያ ላይ ሮቶ የሰቀለ ሁሉ የዚህ ብልሃት ባለቤት ነው። ሌሊት ውሃ ሲመጣ ቤተሰቡ ተኝቷል፤ ሮቶው ሲሞላ ግን በውስጡ ያለው ተንሳፋፊ ኳስ ተነስቶ ውሃውን ይዘጋል። ያ ኳስ የተሰበረበት ቤት ጎረቤት በር አንኳኩቶ እስኪቀሰቅሰው ድረስ የወር ውሃው በጣሪያው ላይ ሲፈስ ያድራል።

የፓፒን ድስት

ውሃ ሲሞቅ ጠባዩ ይለወጣል። የታፈነ እንፋሎት ብረት ይቀድዳል፣ ሰው ይገድላል። ይህን በቅርብ ያየው ፈረንሳዊው ሐኪም ዴኒ ፓፒን ነው። ፓፒን በፓሪስ ከሳይንቲስቱ ክርስቲያን ሁይገንስ፣ በለንደን ከሮበርት ቦይል ጋር ሠርቷል። በ1679 ክዳኑ በብሎን የሚታሰር ወፍራም የብረት ድስት ሠራ። በውስጡ የታፈነው ውሃ ከተራው የመፍላት ሙቀት በላይ ስለሚደርስ አጥንት ሳይቀር ያለሰልሳል። ዛሬ በየቤቱ የምናየው የግፊት ድስት አያት ነው። በ1682 ፓፒን ለለንደኑ የሳይንስ ማኅበር ለሮያል ሶሳይቲ አባላት በዚያ ድስት እራት አበሰለላቸው።

ፓፒን ድስቱ ሊፈነዳ እንደሚችል ስላወቀ በክዳኑ ላይ ትንሽ ቀዳዳ በስቶ በላዩ መድፈኛ አደረገ፤ መድፈኛውንም ጫፉ ላይ ክብደት በተንጠለጠለበት ዘንግ ጫነው። ግፊቱ ከተወሰነው ሲያልፍ እንፋሎቱ ክብደቱን አሸንፎ ይወጣል። ግፊቱ ሲቀንስ ክብደቱ በተራው እንፋሎቱን አሸንፎ ቀዳዳውን መልሶ ይዘጋል። ክብደቱን በዘንጉ ላይ ወዲያና ወዲህ በማንሸራተት የሚፈቀደው ግፊት ይወሰናል። ሥራው ሁለት ነው፦ መተንፈስና መልሶ መዝጋት። ሳይተነፍስ ቢቀር ድስቱ ይፈነዳል፤ ተንፍሶ ሳይዘጋ ቢቀር ደግሞ ያለው ሁሉ ፈስሶ ያልቃል። ከ300 ዓመታት በኋላ አንድ ትልቅ አገር ይህን ሁለተኛውን ጉድለት በፍርሃት ይማረዋል።

ቫልቩን ያሰሩ እጆች

የእንፋሎት ሞተር በተስፋፋበት ዘመን የፓፒን ቫልቭ እንፋሎት በሚመነጭበት በየቦይለሩ ላይ ተተከለ። ችግሩ የተነሳው ከሰዎቹ ነው። ቫልቩ ሲተነፍስ ጉልበት ይባክናል፣ ድምፁም ያስቸግራል። ስለዚህ ያስሩት ጀመር።

በመስከረም 1803 በለንደን አጠገብ በግሪኒች፣ የወፍጮ ቤት መሠረት ሲቆፈር ውሃ የሚመጥ የመሐንዲሱ የሪቻርድ ትሬቪቲክ የእንፋሎት ሞተር ፈነዳ። ሞተሩን እንዲጠብቅ የተቀጠረው ልጅ የቫልቩን ዘንግ በእንጨት አስሮት ነበር፤ ከዚያም ዓሣ ሊያጠምድ ሄዶ ሞተሩን ለአንድ የቀን ሠራተኛ ተወው። ሠራተኛው ዘንጉን ሳይፈታ ሞተሩን አቆመ። መውጫ ያጣው እንፋሎት ቦይለሩን ሰነጠቀው፤ አራት ሰዎች ሞቱ። ትሬቪቲክ ከዚያ በኋላ በቦይለሮቹ ላይ ሁለት ቫልቮች አደረገ። ሙቀቱ ሲያልፍ የሚቀልጥ የእርሳስ መድፈኛም ጨመረ።

በሰኔ 1831 በአሜሪካ ሳውዝ ካሮላይና የ«ቤስት ፍሬንድ ኦፍ ቻርልስተን» ባቡር እሳት አንዳጅ የቫልቩ ፉጨት ሰለቸውና ዘጋው። ቦይለሩ ፈነዳ፤ እሳት አንዳጁም በጉዳቱ ሞተ።

በ1850ዎቹ እንግሊዛዊው የባቡር መሐንዲስ ጆን ራምስቦተም ለዚህ መፍትሔ አመጣ። ሁለት ቫልቮችን ጎን ለጎን አቆመ፤ በመካከላቸው አንድ ሞላ አድርጎ በአንድ ዘንግ አያያዛቸው። ነጂው ዘንጉን በአንድ በኩል ቢጫን የዚያ በኩል ቫልቭ ይጠብቃል፤ በሌላው በኩል ያለው ግን ይላላና ይተነፍሳል። ተንኮለኛው እጅ የትኛውንም ቢይዝ ሌላው ያመልጠዋል። ራምስቦተም ሠራተኞችን በመምከር አልተወሰነም፤ ቫልቩን ማሰር የማይቻል ነገር አደረገው።

አየር ሲያልቅ የሚይዝ ፍሬን

በ1869 ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ የተባለ የ22 ዓመት አሜሪካዊ የአየር ፍሬን የፈጠራ መብት አገኘ። በባቡሩ ሞተር ላይ ያለ መጭመቂያ አየርን በቧንቧ ወደ እያንዳንዱ ፉርጎ ይልካል፤ አየሩ ፒስተኑን ገፍቶ ፍሬኑን ያስይዛል። አሠራሩ ከዚያ በፊት በየፉርጎው ጣሪያ ላይ እየሮጡ በእጅ ፍሬን ከሚያጠብቁት ሠራተኞች እጅግ የተሻለ ነበር። ነገር ግን አንድ ትልቅ ቀዳዳ ነበረበት። ባቡሩ ቢበጠስ ወይም ቧንቧው ቢቀደድ አየሩ ይወጣል፤ ፍሬኑ በጣም በሚፈለግበት ሰዓት ፍሬን የለም።

ዌስቲንግሃውስ በ1872 ነገሩን ገለበጠው። እያንዳንዱ ፉርጎ የራሱ የአየር ጋን ተሰጠው፤ በጋኑ፣ በቧንቧውና በፍሬኑ መካከል ደግሞ ሦስት ሥራ የሚሠራ ቫልቭ ተቀመጠ። ቧንቧው በአየር ተሞልቶ እስካለ ድረስ ቫልቩ ፍሬኑን ለቆ ይቆያል። በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ሲወርድ ግን ቫልቩ ያንን እንደ ትእዛዝ ይቆጥረዋል፤ የፉርጎውን ጋን አየር ወደ ፍሬኑ ይለቀዋል። ባቡሩ ቢበጠስ ሁለቱም ቁራጮች ማንም ሳያዛቸው ይቆማሉ። በፊት አየር ሲኖር ፍሬን ይይዝ ነበር፤ አሁን አየር ሲጠፋ ይይዛል። በዚህ ትረካ ከሚነሱት ፈጠራዎች ሁሉ የሰው ሕይወት በማዳን የሚበልጠው ይህ መገልበጥ ይመስለኛል። ከፓፒን ክብደት ወዲህ ለቫልቭ የተሰጠው ትልቁ ጥበብም ነው፦ ጉልበት ሲጠፋ ወደ ደኅናው ጎን መውደቅ።

ይህ ብልሃት እያለ ያልተጠቀሙበት ከባድ ዋጋ ከፈሉ። ሰኔ 12 ቀን 1889 በአየርላንድ አርማ ከተማ አቅራቢያ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችንና ቤተሰቦቻቸውን የጫነ የሽርሽር ባቡር ዳገት ላይ ቆመ። ፍሬኑ ከሞተሩ ሲለያይ ሥራውን የሚያቆም ዓይነት ነበር። ሠራተኞቹ ባቡሩን ለሁለት ከፍለው የፊተኛውን ቁራጭ መጀመሪያ ለማውጣት ወሰኑ። ከኋላ የቀሩትን አሥር ፉርጎዎች የያዛቸው አንድ የእጅ ፍሬንና ከጎማዎቹ ሥር የተደረጉ ድንጋዮች ብቻ ነበሩ። የፊተኛው ቁራጭ ሲነሳ ትንሽ ወደ ኋላ ገፋቸው፤ ድንጋዮቹ ተፈጩ፤ ፉርጎዎቹ ቁልቁል ተንደርድረው ከኋላ ከሚመጣው ባቡር ጋር ተጋጩ። 80 ሰዎች ሞቱ፤ በመካከላቸውም ብዙ ልጆች ነበሩ። የብሪታንያ ምክር ቤት በዚያው ዓመት የመንገደኛ ባቡሮች ሁሉ ሲበጠሱ በራሱ የሚይዝ ፍሬን እንዲኖራቸው የሚያስገድድ ሕግ አወጣ።

ወደ ጅቡቲ የሚመላለሱ የከባድ መኪና ሾፌሮች የዌስቲንግሃውስን ትምህርት በየማለዳው ይደግሙታል። ሞተሩን አስነስተው አየር እስኪሞላ ድረስ ይጠብቃሉ። አየሩ ሳይሞላ መኪናው አይላወስም፤ ፍሬኑን የያዘው ብርቱ ሞላ የሚለቀው በአየር ሲሸነፍ ብቻ ነውና። መንገድ ላይ አየሩ ቢያልቅም ሞላው ይመለስና ጎማውን ይይዛል።

ደረት ውስጥ የገባ ቫልቭ

በ1958 በኦሬጎን ግዛት በፖርትላንድ ከተማ ሎውል ኤድዋርድስ የተባለ ጡረታ የወጣ መሐንዲስ ወደ ወጣቱ የልብ ቀዶ ሐኪም አልበርት ስታር መጣ። ኤድዋርድስ ዕድሜውን በፓምፕና በፈሳሽ ሥራ ላይ ያሳለፈ ሰው ነው፤ የአውሮፕላን ነዳጅ ማስተላለፊያ ፓምፕ ፈጥሯል። አሳቡ ሙሉ ሰው ሠራሽ ልብ ለመሥራት ነበር። ስታር ግን በአንድ ቫልቭ እንዲጀምሩ መከረው። ሁለቱ በብረት ቀፎ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ኳስ ሠሩ። ደም ሲገፋ ኳሱ ይነሳና መንገድ ይከፍታል፤ ደሙ ሊመለስ ሲል ኳሱ ወደ መቀመጫው ተመልሶ ይደፍናል። ክቴሲቢዮስ ቢያየው ወዲያው ይገባው ነበር። ኳሱ በ1960 በሰው ልብ ውስጥ ገባ፤ ከመጀመሪያዎቹ ታካሚዎች አንዱ አሥር ዓመት ያህል ኖረበት።

የሰው ልብ በቀን 100,000 ጊዜ ያህል ይመታል። በእያንዳንዱ ምት ክዳኖቹ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። በአገራችን ብዙ ልጆች በጊዜው ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም በሚነሳ የልብ በሽታ ክዳኖቻቸው ይጠነክራሉ፣ ይጨማደዳሉ፤ መዝጋት ያቅታቸዋል። ደሙ በተገፋ ቁጥር ከፊሉ ወደ መጣበት ይመለሳል። ልጁ ጥቂት ደረጃ ወጥቶ ትንፋሹ ይቆራረጣል። የማይዘጋ በር ምን ማለት እንደሆነ እነዚህ ልጆችና እናቶቻቸው ከማንኛውም መሐንዲስ በላይ ያውቁታል።

የዋሸችው መብራት

መጋቢት 28 ቀን 1979 ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ በፔንሲልቬንያ የስሪ ማይል አይላንድ የኑክሌር ጣቢያ ሁለተኛ ክፍል ውስጥ የውሃ ፓምፖች ቆሙ። የሬአክተሩ ግፊት ከፍ አለ። በላይ ያለው የማስተንፈሻ ቫልቭ እንደታቀደው ተከፈተ። ሬአክተሩም ሥራውን በራሱ አቆመ፤ ግፊቱ ወረደ። ቫልቩ በዚያን ጊዜ፣ ከተከፈተ አሥር ሰከንድ ያህል በኋላ፣ መዘጋት ነበረበት። አልተዘጋም፤ ተከፍቶ ተቸነከረ።

በመቆጣጠሪያው ክፍል ለዚያ ቫልቭ አንዲት መብራት ነበረች። መብራቷ ጠፋች፤ ሠራተኞቹም ቫልቩ ተዘጋ ብለው አመኑ። ነገር ግን መብራቷ የተሠራችው ቫልቩ መዘጋቱን ለመናገር አልነበረም። ቫልቩ እንዲዘጋ የታዘዘ መሆኑን ብቻ ነበር የምትናገረው። ትእዛዙ ተልኳል፤ ቫልቩ አልታዘዘም፤ መብራቷ ግን ስለ ትእዛዙ ብቻ መስክራ ዝም አለች።

የማቀዝቀዣው ውሃ በተከፈተው ቫልቭ በኩል መፍሰሱን ቀጠለ። ሠራተኞቹ ሌላ መለኪያ አሳስቷቸው ውሃ የበዛ መሰላቸውና ሊያድን የሚችለውን የአደጋ ጊዜ ውሃ ቀነሱት። ከሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ገደማ በኋላ አንድ ሰው ጠርጥሮ ከዚያ ቫልቭ ቀጥሎ ያለውን መዝጊያ አዘጋ። በመጨረሻ ሲመረመር የሬአክተሩ እምብርት ግማሽ ያህል ቀልጦ ተገኘ። የሚያሳዝነው ደግሞ በ1977 በኦሃዮ ግዛት ዴቪስ ቤሲ በተባለ ተመሳሳይ ጣቢያ የዚሁ ዓይነት ቫልቭ ተከፍቶ ቀርቶ ነበር። እዚያ ሠራተኞቹ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይተው ስላስተዋሉ ጉዳት አልደረሰም፤ ትምህርቱ ግን ወደ ፔንሲልቬንያ ሳይደርስ ቀረ።

ከዚያ አደጋ ወዲህ ቫልቭ የት እንደቆመ የሚናገረው ምልክት ከራሱ ከቫልቩ እንቅስቃሴ እንዲወሰድ ግድ ሆነ።

በባሕር ላይ የነደደ ሌሊት

ሐምሌ 6 ቀን 1988 በሰሜን ባሕር ከስኮትላንድ ዳርቻ ርቆ በቆመው ፓይፐር አልፋ የነዳጅ መድረክ ላይ ከሁለት ፓምፖች የአንዱ የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ለጥገና ተነቅሎ ነበር። በቦታው ጊዜያዊ መድፈኛ ተደርጓል። የጥገናው ወረቀት ለማታ ተረኞች በሚገባ አልደረሰም። ማታ ሁለተኛው ፓምፕ ሲቆም ተረኞቹ የመጀመሪያውን አስነሱ። ጋዙ በመድፈኛው በኩል ወጣ፤ አራት ሰዓት ላይ ፈነዳ።

ሰዎቹን ከሁሉ በላይ የገደለው ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ከሌሎች መድረኮች ጋር የሚያገናኙ ትላልቅ የጋዝ ቧንቧዎች በፓይፐር አልፋ ያልፉ ነበር። መዝጊያ ቫልቮቻቸው የነበሩት እዚያው በሚነደው መድረክ ላይ ነው። እሳቱ ቧንቧዎቹን ከቫልቮቹ ወዲያ ባለው ክፍል ሲበጥሳቸው በኪሎሜትሮች የሚቆጠር ቧንቧ የያዘው ጋዝ ሁሉ ወደ እሳቱ ጎረፈ። 167 ሰዎች ሞቱ። ዳኛው ሎርድ ከለን የመሩት ምርመራ 106 ምክሮችን በ1990 አቀረበ። ከአደጋው በኋላ በብሪታንያ ባሕር ያሉ መድረኮች የቧንቧ መዝጊያዎቻቸውን እሳት በማይደርስበት ዝቅተኛ ቦታ እንዲያደርጉ ታዘዙ፤ በብዙዎቹም ከባሕር ወለል በታች ተጨማሪ መዝጊያ ተተከለ።

በእንዲህ ያለ ቧንቧ ላይ ያለው መዝጊያ የዌስቲንግሃውስ ልጅ ነው። ብርቱ ሞላ ዘወትር ሊዘጋው ይታገላል፤ የዘይት ወይም የአየር ግፊት ደግሞ ከፍቶ ይይዘዋል። መስመሩ ቢቆረጥ፣ ቢቃጠል፣ ኤሌክትሪክ ቢጠፋ ግፊቱ ይሞታል፤ ሞላው አሸንፎ በሩን ይዘጋል። ፓይፐር አልፋ ያስተማረው በዚህ ላይ የሚጨመር ነው፦ ደኅና የሚዘጋ በር ከእሳቱ በየትኛው ወገን መቆም እንዳለበትም አስቀድሞ ይታሰብ። በሚያዝያ 2010 በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ በዲፕ ዋተር ሆራይዘን የነዳጅ መቆፈሪያ መድረክ ላይ 11 ሰዎች ሲሞቱና ዘይቱ ለ87 ቀናት ሲፈስ በጉድጓዱ አፍ ላይ የመጨረሻ መዝጊያ ነበር። ቧንቧውን ቆርጦ መዝጋት የነበረባቸው ቢላዎች ግን ተጣሞ ከመሃል የወጣውን ቧንቧ ሊቆርጡት አልቻሉም።

መዘጋት የጎዳበት ቀን

መጋቢት 11 ቀን 2011 በጃፓን ትልቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ። የፉኩሺማ ዳይቺ ጣቢያ የመጀመሪያው ሬአክተር ሥራውን በራሱ አቆመ። እምብርቱን ያለ ፓምፕ የሚያቀዘቅዝ ጥሩ መሣሪያ ነበረው። እንፋሎቱ ወደ ላይ ወጥቶ በትልቅ የውሃ ገንዳ ውስጥ ባለፈ ቧንቧ ይቀዘቅዛል፤ ውሃ ሆኖም በራሱ ክብደት ይመለሳል። የሚያስፈልገው ቫልቮቹ ተከፍተው መቆየታቸው ብቻ ነው።

ሱናሚው አንድ ሰዓት ሳይሞላ መጥቶ የኤሌክትሪክ ክፍሎቹን አጥለቀለቀ። የመሣሪያው መቆጣጠሪያ የተሠራው ኤሌክትሪክ ሲያጣ ቧንቧ ተሰብሮ ሊሆን ይችላል ብሎ ቫልቮቹ እንዲዘጉ እንዲያዝ ነበር። ቧንቧ ተሰብሮ ቢሆን ኖሮ ያ ትእዛዝ ሕይወት ያድን ነበር። የዚያን ቀን ግን የተሰበረ ቧንቧ አልነበረም፤ የጠፋው ኤሌክትሪክ ብቻ ነው። ጣቢያውን በዋናነት የሚመሩት ሰዎች መሣሪያው እየሠራ እንደሆነ በማሰብ ውድ ሰዓቶችን አሳለፉ፤ የመጀመሪያው ሬአክተር እምብርትም ከሁሉ ቀድሞ ቀለጠ።

ስለዚህ ራሱን የሚዘጋ ቫልቭ ሁልጊዜ ደኅና ነው ማለት አይቻልም። ጋዝ ለሚያመጣ ቧንቧ መዘጋት ሕይወት ነው፤ ማቀዝቀዣ ውሃ ለሚያመጣ ቧንቧ ግን መዘጋት ሞት ሊሆን ይችላል። ጉልበት ሲጠፋ በሩ ወዴት ይውደቅ የሚለውን የሚመልስ በዚያች ሌሊት የሚሯሯጠው ሠራተኛ አይደለም። ከዓመታት በፊት በጸጥታ ተቀምጦ የቫልቩን ንድፍ የሚስለው ሰው ነው።

ወደ ደጃችን

ይህ ሁሉ ታሪክ እኛ ዘንድ የሚደርሰው በትንንሽ ዕቃዎች መልክ ነው። የጉድጓድ ውሃ ፓምፕ ሥር የሚገባው መመለሻ የሚከለክል ቫልቭ የክቴሲቢዮስ ነው። የሮቶው ኳስ የባግዳድ ወንድማማቾች ነው። በሻወር ቤት የውሃ ማሞቂያ ላይ ያለችው አንዳንዴ ጠብ የምታደርግ ትንሽ ቫልቭ የፓፒን ናት፤ «ታፈሳለች» ብሎ የሚደፍናት ሰው በግሪኒች ዘንጉን ያሰረውን ልጅ ሥራ ይደግማል። በአንዳንድ የጋዝ ምድጃዎች ላይ ነበልባሉ ሲጠፋ ጋዙን የሚዘጋው መሣሪያ የዌስቲንግሃውስ አሳብ ነው፤ እሳቱ ያሞቀው ትንሽ ብረት የሚያመነጨው ጥቂት ኤሌክትሪክ በሩን ከፍቶ ይይዘዋል፤ እሳቱ ሲጠፋ ሞላው ይዘጋዋል።

ስለዚህ ወደ ዕቃ መደብር ሄዶ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቫልቭ የሚገዛ ሰው ከዋጋው በፊት መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አለ፦ መብራት ሲጠፋ ይዘጋል ወይስ ይከፈታል? መብራት በሚጠፋበት አገር ይህ ጥያቄ በየሳምንቱ መልስ ያገኛል፤ ባለቤቱ ቢጠይቅም ባይጠይቅም። ቀጥሎም መዘጋቱን በምን ዐውቃለሁ ይበል። በዓመት አንድ ሁለት ጊዜም ሆን ብሎ ፈትኖ ይየው፤ ለዓመታት ሳይንቀሳቀስ የቆየ ቫልቭ በቸገረው ቀን ዝገት ይዞት ሊቀር ይችላልና።

ወናፍ ነፊው ፍሙ ሲደበዝዝ ስሕተቱን ወዲያው ያየዋል፤ መዳፉን አስተካክሎ ይቀጥላል። እኛ እጃችንን ከበሩ ላይ ካነሳን ቆይተናል፤ በሩንም ማታ ተኝተን፣ ቀን ሥራ ላይ ሆነን አምነነዋል። በአርማ ዳገት፣ በፓይፐር አልፋ መድረክና በፉኩሺማ የነበሩ ሰዎችም እንደኛው አምነውት ነበር። እምነታቸውን በልተው የቀሩት በሮች ያስተማሩንን ሳንረሳ፣ አንድ ቫልቭ ስንገጥም እጃችን በማይኖርበት ሰዓት ምን እንደሚያደርግ እጃችን በላዩ ሳለ እንጠይቀው።